ቅርስ በተባለ ቤት ላይ የሚያዝዘው ማን ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ አሮጌ ቤቶችን ስለመጠበቅና ስለማፍረስ የሚጠይቁና ሁሉም ከአዳማ የተላኩ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ ከአባታችን የወረስነው፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው ቤት አለን። እኔና ወንድሞቼ አፍርሰን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለመሥራት ተስማምተን ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ከባህልና ቱሪዝም የመጡ ባለሙያዎች ቤቱን ለክተውና ፎቶግራፍ አንሥተው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ የደረሰን ነገር የለም። ጎረቤቶቻችን «ቤታችሁ ቅርስ ሆኗል፤ ከእንግዲህ ምስማር እንኳ መምታት አትችሉም» ይሉናል። ካርታው በአባታችን ስም ነው፤ ግብርም ሳናቋርጥ እንከፍላለን። የሚባለው እውነት ነው ወይ? (ወ/ሮ ሰ.)

መልስ፦ ባለሙያዎች ሜትርና ካሜራ ይዘው መምጣታቸው ብቻውን ቤታችሁን ቅርስ አያደርገውም። እንዲህ ያለው ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የቆጠራ ሥራ ነው። በከተማው ውስጥ ምን ምን እንዳለ ሳይታወቅ የትኛው ይጠበቅ ብሎ መወሰን ስለማይቻል፣ ባለሙያው በመጀመሪያ ይለካል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ የቤቱን ታሪክ ይጠይቃል፤ ከዚያም የሞላውን ቅጽ ለሚመለከተው ክፍል ያቀርባል። ውሳኔ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ውሳኔ ሳያገኝ ዓመታት ያልፋሉ።

የጉዳዩ መነሻ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ነው። አዋጁ ቅርስ ምን እንደሆነ ሲተረጉም ዕድሜን መለኪያ አላደረገም። የሚጠይቀው የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነው ነገር በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብ ወይም በእደ ጥበብ ይዘቱ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መሆኑን ነው። ስለዚህ አንድ ቤት 80 ዓመት ስለሞላው ብቻ ቅርስ አይሆንም፤ 50 ዓመቱ ነው ተብሎም ከመመዝገብ አይቀርም። ለእናንተ ሰፈር ዋጋ የሚሰጠው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከባቡሩ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በመሥመሩ ላይ የነበሩ ጣቢያዎች ገበያና መኖሪያ ሰብስበው ወደ ከተማነት አደጉ፤ አዳማም ከእነዚህ አንዷ ናት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን መሥመርና የራሱን ጣቢያ ይዞ ስለመጣ፣ በአሮጌው ጣቢያ ዙሪያ የቀሩት ቤቶች የከተማዋን አጀማመር የሚያሳዩ ጥቂት ማስረጃዎች ሆነዋል። ባለሙያዎቹ ወደ በራችሁ የመጡትም በዚህ ምክንያት ቢሆን አይገርምም።

እንግዲህ ማድረግ ያለባችሁ የጎረቤትን ወሬ ትቶ ለከተማው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቧል ወይስ ገና በጥናት ላይ ነው? ከተመዘገበ፣ ቅርሶችን በብሔራዊና በክልል ደረጃ በሚመድበው አዋጅ ቁጥር 839/2006 መሠረት በየትኛው ተመደበ? ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው በብሔራዊ ደረጃ የተመደበው ቅርስ ተጠሪነቱ አዲስ አበባ ላለው የቅርስ ባለሥልጣን፣ በክልል ደረጃ የተመደበው ደግሞ ለክልሉ በመሆኑ፣ ፈቃድ የምትጠይቁበት በር ስለሚለያይ ነው። የተመዘገበው ቤቱ በሙሉ ይሁን ወይም በረንዳውና የፊት ገጽታው ብቻ፣ ይህንንም ለይተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፤ ከኋላ በኩል ባለው ባዶ ግቢ ላይ መሥራት መቻል አለመቻላችሁን የሚወስነው ይህ መልስ ሊሆን ይችላልና። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ በአንዱ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ።

ቤቱ ተመዝግቦ ከተገኘም ባለቤቶቹ እናንተው ናችሁ። አዋጁ ቅርስ በመንግሥት ወይም በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል በግልጽ ደንግጓል። የሚለወጠው በቤቱ ላይ ያላችሁ ነፃነት ነው፤ ባለቤቱ ቅርሱን በጥንቃቄ የመያዝ ግዴታ አለበት፤ የጥገናና የእድሳት ሥራም በቅድሚያ ሳይፈቀድ አይጀመርም። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን የሚሸፍንበት መንገድ በአዋጁ ተከፍቷል፤ ይሁን እንጂ መንግሥትን የሚያስገድድ ባለመሆኑ በዚህ ላይ ተማምናችሁ ሥራ እንዳትጀምሩ እመክራለሁ። ሆን ብሎ ቅርስን ማፍረስ ወይም ማበላሸት በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። «መዝገቡ ሳይደርስብን በሌሊት እናፍርሰው» የሚል ምክር ከዘመድም ሆነ ከደላላ ቢመጣ አትስሙ።

ስለ ምስማሩ ግን ጎረቤቶቻችሁ አጋንነዋል። ቤት መጥረግ፣ አሸንዳ ማጽዳት፣ የተሰበረ መስተዋት መተካት ቤት መያዝ እንጂ ቤት መለወጥ አይደለም፤ እንዲያውም ባለቤቱ ይህን ካላደረገ የመንከባከብ ግዴታውን አጓደለ ሊባል ይችላል። አሳሳቢው ጥገና የሚመስለው ለውጥ ነው። በአሮጌ የድንጋይ ቤቶች ላይ ከማያቸው ጥፋቶች ብዙውን ያደረሰው አፍራሽ ማሽን ሳይሆን ሲሚንቶ ነው። የኖራ ልስን እርጥበትን ስቦ መልሶ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ሲሚንቶ ግን ግድግዳውን ስለሚዘጋው ከመሠረቱ የሚወጣው ውኃ መውጫ አጥቶ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ለስላሳ ኖራ ይበላዋል፣ ልስኑንም በጥቂት ክረምቶች ውስጥ እንደ ቅርፊት ይገፈዋል። ባለቤቱ ቤቱ አረጀ ብሎ ያዝናል፤ ቤቱን ግን የጎዳው እድሳቱ ነው። ስለዚህ ተመዘገበም አልተመዘገበም፣ ግድግዳውን የምታስጠግኑ ከሆነ በኖራ የሚሠራ ግንበኛ ፈልጉ፤ የበረንዳውን እንጨት ከመለወጣችሁ በፊትም እያንዳንዱን ማዕዘን ፎቶግራፍ አንሡ።

ቤቱ ካልተመዘገበ ደግሞ ነገሩ በሕንፃ ሕግ ይመራል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹም የሚባለውን ኃላፊ አቋቁሞ፣ መገንባት ብቻ ሳይሆን ማፍረስም ፈቃድ እንዲጠየቅበት አድርጓል። ከዚያ አስቀድሞም በቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃ፣ እስከ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ የሚገልጸውን የፕላን ስምምነት መጠየቅ ይኖርባችኋል። በእኔ እምነት የአሮጌ ቤቶች ዕጣ የሚወሰነው በዚህ መስኮት ነው። የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ የመዘገበው ቤት ዝርዝር የማፍረስ ፈቃድ በሚሰጠው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ከሌለ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት «ይጠበቅ» ያለውን ሌላው ሳያውቅ «ይፍረስ» ብሎ ማኅተም ይመታበታል፤ ባለቤቱም በመካከል ተይዞ ለሁለት ጌታ ይገዛል። ስለሆነም የማፍረስ ፈቃድ ስትጠይቁ ለባህልና ቱሪዝም የጻፋችሁትን ደብዳቤ ቅጂ አያይዙ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በአሜሪካ በቻርልስተን ከተማ የገዛውን ቤት መስኮት ለመለወጥ ከከተማው ቦርድ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ነገረኝ። የግል ንብረት በሚከበርበት አገር ይህ እንዴት ይሆናል? ለእኛስ ይሠራል? (አቶ ተ.)

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው። ቻርልስተን እ.ኤ.አ. በ1931 ታሪካዊ ቀጠናዋን በከተማ ደንብ ከልላ፣ በቀጠናው ውስጥ ከመንገድ የሚታየውን የቤት ውጫዊ ገጽታ መለወጥ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሥነ ሕንፃ ቦርድ ፊት እንዲቀርብ አደረገች፤ በአሜሪካ እንዲህ ያለ ደንብ በማውጣት የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። ከ1966 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የታሪካዊ ስፍራዎች መዝገብ አለ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ በዚያ አገር አቀፍ መዝገብ የሰፈረን ቤት ባለቤቱ በራሱ ገንዘብ ቢያፈርሰው መዝገቡ ብቻውን አያግደውም። መዝገቡ በዋናነት የሚይዘው የፌዴራል መንግሥቱን ነው፤ መንግሥቱ ገንዘብ ወይም ፈቃድ የሚሰጥበት ሥራ በታሪካዊ ስፍራው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አስቀድሞ እንዲያጤን ያስገድደዋል። ባለቤቱን የሚያስቆመው የከተማው ደንብ ነው፤ ደንቡ ከግንባታና ከማፍረስ ፈቃድ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ።

የግል ንብረት ጥያቄ ደግሞ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ታሪኩም እንደ አዳማው ከባቡር ጣቢያ ጋር የተያያዘ ነው። በኒው ዮርክ የነበረውን ታላቁን የፔንሲልቬኒያ ጣቢያ ባለቤቱ የሆነው የባቡር ኩባንያ ከ1963 ጀምሮ አፈረሰው፤ የሚከለክለውም ሕግ አልነበረም። ከተማዋ በ1965 የቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች። ከዚያ በኋላ የግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤት የሆነው ፔን ሴንትራል የተባለ ኩባንያ በጣቢያው አናት ላይ ከ50 ፎቅ በላይ ግንብ ለማቆም ፈቃድ ሲከለከል «ንብረቴ ያለ ካሣ ተወሰደ» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ1978 ለከተማዋ ፈረደ። ኩባንያው በጣቢያው እንደ ቀድሞው እየተጠቀመ ተገቢ ገቢ ሊያገኝ ይችላል፤ ወደ ላይ ሊሠራበት ያልቻለውንም መብት በአቅራቢያው ባሉ ሌሎች ቦታዎች ላይ ሊጠቀምበት ተፈቅዶለታል፤ ስለዚህ ንብረቱ ተወሰደ አይባልም አለ።

ለእኛ ይሠራል ወይ ለሚለው፣ መሠረቱ አለ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 የግል ንብረትን ሲያከብር ለሕዝብ ጥቅም ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይጠቅሳል፤ መንግሥት ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዝዛል። በአንቀጽ 91 ደግሞ የአገሪቱን ታሪካዊ ቅርሶች መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው። በእኔ አመለካከት ክፍተቱ ያለው በመካከል ነው። ቤቱ አልተወሰደበትም፣ ነገር ግን አፍርሶ መሥራት የተከለከለ ባለቤት በምን ይካካስ? በኒው ዮርክ የተደረገው ዓይነት፣ ያልተሠራበትን ፎቅ ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር መብት ወይም የግብር ቅናሽ በከተማ ደረጃ ቢታሰብ፣ ለአሮጌ ቤት ጠባቂ የሚሆነው ባለቤቱ ራሱ ነበር። አሁን ግን ሸክሙን ለብቻው ስለሚሸከም፣ ጣሪያው እንዲያፈስና ቤቱ በራሱ እንዲወድቅ የሚጠብቅ ባለቤት ቢገኝ ከመፍረድ በፊት ማሰብ ይገባል።

ጥያቄ፦ የምኖርበት አሮጌ ቤት የቀበሌ ነው። ቆርቆሮው አርጅቶ ዝናብ ያስገባል። ቅርስ ነው ስለሚባል በራሴ ገንዘብ ባስለውጠው እጠየቃለሁ? (አቶ ገ.)

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች አንዱ ከሆነ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ እርስዎ ተከራይ ነዎት። በባለቤትነት ላይ ያለው የጥበቃ ግዴታ መንግሥትን ራሱን ስለሚመለከት፣ ጣሪያው መጠገን እንዳለበት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማመልከት መብትዎ ነው። ያለ ፈቃድ ግን አይጀምሩ፤ ከተፈቀደልዎትም የጣሪያውን ቅርጽና ከፍታ ሳይቀይሩ እንዲሠራ ያድርጉ፣ የከፈሉበትንም ደረሰኝ ይያዙ።

ጥያቄ፦ በሰፈራችን መንገድ ይሰፋል የሚል ወሬ አለ። ረድፉን የያዙት ቤቶች ሁሉ አሮጌ ናቸው፤ አንድ በአንድ ቢታዩ ግን ቅርስ የሚባል ላይገኝባቸው ይችላል። ሰፈሩን እንዳለ መጠበቅ ይቻላል? (ወ/ት መ.)

መልስ፦ በመርህ ደረጃ ይቻላል፤ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን ስፍራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የተከለለ ስፍራ ብሎ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ በዚያ ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ መንገድ መሥራትም ሆነ መቆፈር አይቻልም። ቤቶች በነጠላ ሳይሆን በአንድነት ዋጋ ሊያገኙ እንደሚችሉ የሐረር ጁገል ያስረዳል፤ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግንቡና በሮቹ ብቻ ሳይሆኑ በውስጡ ያለው ከተማ ነው። ለአዳማ አንድ ረድፍ ቤቶች ግን ከምክር ቤት አዋጅ መጠበቅ ሩቅ መንገድ ነው፤ ቅርቡ የከተማ ፕላን ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የመላ ከተማውን መዋቅራዊ ፕላንና የአንድን ሰፈር የአካባቢ ልማት ፕላን ይለያል፤ በፕላኖቹ ዝግጅት ላይም ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበትን መድረክ ያዝዛል። የመንገዱ ስፋት በወረቀት ላይ የሚሰመረው በዚያን ጊዜ ነው። በዚያ መድረክ ያልተነገረ ተቃውሞ፣ ምልክት የሚያደርጉ ቀያሾች ሰፈሩ ከደረሱ በኋላ ሲነገር ለካሣ ካልሆነ በቀር ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ ወሬውን ትተው የከተማውን የፕላን ክፍል የሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ተዘጋጅቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተዘጋጀ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው የረድፉን ቤቶች ፎቶግራፍ፣ የተሠሩበትን ዘመን የሚያሳይ ማንኛውንም ሰነድና የቀድሞ ነዋሪዎችን ቃል አሰባስበው፣ አንዱን ቅጂ ለፕላን ክፍሉ፣ ሌላውን ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ያስገቡ።