ጥያቄና መልስ፦ ቤቲንግ ቤት (የስፖርት ውርርድ ቤት) ቢዘጋ ወንድሜ ይተርፋል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ባህር ዳር ቀበሌ 14 ነው የምኖረው። ታናሽ ወንድሜ የሰው ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ከፔዳ ጊዮርጊስ ሲመላለስ ይውልና ማታ ለባለቤቱ ገቢ ማስገባት ሲገባው ቤቲንግ ተበልቶ ይመጣል፣ ከዛ እኔ ጋ መጥቶ አበድሪኝ ነው። ሰፈራችን ያለው ቤት ሲዘጋ እሰይ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን በስልኩ ነው የሚቆርጠው፣ ጭራሽ ሌሊቱን ሁሉ። ሁሌ «10 ጌም ነበር አንዷ ነች የቆረጠችኝ» ይለኛል፣ አስር ጨዋታ በአንድ ትኬት ገምቶ አንዷ ስለሳተችበት ሁሉም ተበላ ማለቱ ነው። መንግስት ለምን ፈቃድ ይሰጣል? ጨርሶ ለምን አይከለክለውም? እኔስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ «አንዷ ነች የቆረጠችኝ» የምትለዋን እናንሳ፣ ወንድምሽን አስራ የያዘችው እሷ ነች። አንድ ጨዋታ ላይ ባለሜዳው 2.40፣ አቻ 3.10፣ እንግዳው 2.80 ኦድ (ካሸነፍሽ ያስያዝሽው ብር የሚባዛበት ቁጥር) ተሰጠው እንበል። 1ን ለሶስቱም አካፍለሽ ደምሪው፣ 1 መሆን ሲገባው 1.10 ገደማ ይመጣል፣ ትርፏ የቤቱ ነች፣ ከ100 ብር በአማካይ 91 ብር ብቻ ነው የሚመለሰው። ይሄ ለአንድ ጌም ነው። እንዲህ ያለ 10 ጌም ሲደረደር ግን ቅናሹ እየተባዛ የሚመለሰው ወደ 40 ብር ይወርዳል። አንዷ አይደለችም የቆረጠችው፣ አስሩም ላይ ቤቱ ድርሻውን ቀድሞ ወስዷል።

ፈቃድ ሲሰጥ የቆየው ብሔራዊ ሎተሪ ነው፣ እሱም ከ1954 ዓ.ም ጀምሮ ራሱ ሎተሪ ይሸጣል። የ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅም 1,000 ብርና ከዛ በላይ ከደረሰው ሰው 15 በመቶ ለመንግስት እንዲቆረጥ ደንግጎ ነበር። ገቢ የሚያገኝበት አካል ራሱ ሲቆጣጠር ቁጥጥሩ ይላላል፣ ሁለቱ መለየት አለባቸው ባይ ነኝ።

ቤቶቹን ማሸግ ለሰፈር ልጆች ጥሩ ነው፣ እደግፋለሁ። አዲስ አበባም በ2015 ዓ.ም አሽጋ ነበር። ግን አንቺ ራስሽ እንዳየሽው ጨዋታው ወደ ስልክ ይገባል፣ ስልክ ላይ ደግሞ ይብሳል ምክንያቱም ፍጥነቱ ነው ሰውን የሚጨርሰው፣ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ የቆረጠ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ቨርቹዋል (ኮምፒውተር የሚፈጥረው ጨዋታ) ግን በየደቂቃው ነው፣ ተበልተሽ ሳትናደጂ ሌላው ይጀምራል። 21 ዓመት ያልሞላው አይጫወትም ይባላል፣ በእህቱ ሲም ለሚገባ ልጅ ግን ስልኩ ምን ያውቃል?

ስለዚህ ገደቡ ኪስ ላይ መቀመጥ አለበት። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2007 የቁማር ማሽኖችን ከየሱቁ አወጣች፣ በኋላ ስትመልስ በመንግስት እጅ አድርጋ፣ ተጫዋቹ በራሱ ካርድ እየገባ በቀንና በወር ከተወሰነ ገንዘብ በላይ እንዳይከስር ገድባ ነው። እንግሊዝም ጋምስቶፕ የሚባል መዝገብ አለ፣ ሰው ራሱን አስመዝግቦ ለ6 ወር፣ ለ1 ወይ ለ5 ዓመት ፈቃድ ያላቸው የኦንላይን ቤቶች ሁሉ እንዳያስገቡት ያደርጋል። እኛ ጋም ብሩ በቴሌብርና በባንክ አፕ ነው የሚያልፈው፣ ስምም ቁጥርም አለው፣ ይሄን መጠየቅ ያለብን ዛሬ ነው።

ላንቺ ደግሞ፦ ብር በእጁ አትስጪው። ገቢ ካጎደለና መርዳት ካለብሽ በቀጥታ ለባለባጃጁ ክፈይ፣ ሰውየውንም አናግሪው፣ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀን ምሳ ሰዓት ላይም ይቀበለው። የቁማር ሱስ የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታነት የመዘገበው ነገር ነው፣ ስድብና ምክር ብቻውን አይመልሰውም፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ አብረሽው ሂጂ። ዕቁብም በስሙ አትግቢለት፣ ዕጣው የወጣ ቀን ብሩ ባንዴ እጁ ይገባል።