ጅማት ይዞራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ማታ ማታ ከማጅራቴ እስከ ቀኝ ትከሻዬ ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ስነካው ቋጠሮ ነገር አለው፣ ሲብስ ደሞ ራሴን ከኋላ በኩል ያመኛል። የሰፈራችን ወጌሻ ጅማትሽ ዞሯል አንገትሽን ቀጭ አድርጌ ልመልሰው አሉኝ፣ እኔ ግን ፈራሁ። እውነት ጅማት ይዞራል?

መልስ፦ እህቴ እንኳንም ፈራሽ! አንገትሽን ማንም በድንገት እንዳይጠመዝዘው፣ እባክሽ። ወደ አንጎል ደም ከሚያደርሱት ደም ስሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚያልፉት፣ ብዙ ጊዜ ባይሆንም በጥምዘዛ ተሰንጥቀው ስትሮክ ያመጡበት ጊዜ አለ፣ ለቋጠሮ ተብሎ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ጅማትሽ አልዞረም፣ የደከመ ጡንቻ ነው። ትከሻሽን ጨበጥ ስታደርጊ የሚያዝልሽ ትራፒዚየስ ይባላል፣ ከራስ ቅል ስር ተነስቶ እስከ ጀርባ ወርዶ ወደ ጎን ትከሻ ድረስ የሚዘረጋ ሰፊ ጡንቻ ነው፣ ትከሻን ያነሳል ወደ ኋላም ይስባል። ከሱ ስር ደሞ ሌቫቶር ስካፑሌ የሚባል ቀጭን ጡንቻ አለ፣ ከላይኞቹ 4 የአንገት አጥንቶች ወርዶ የጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት የላይኛው ጥግ ላይ ይያያዛል፣ አጎንብሰው የሚሰሩ ሰዎች «እዚች ጋ» ብለው በጣታቸው የሚያሳዩኝ ብዙውን ጊዜ እዛው ጥግ ላይ ነው።

የሰው ራስ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ቀና ስትዪ ክብደቱን አጥንቶቹ ይሸከሙታል፣ ስታጎነብሺ ግን ወደፊት እንዳይወድቅ ከኋላ ሆነው ወጥረው የሚይዙት እነዚህ ጡንቻዎች ናቸው፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ እጅሽ ብቻ የሚሰራ ይመስልሻል እንጂ እነሱ ሰዓቱን ሙሉ እረፍት የላቸውም። ራስ ቅል ስር ያሉት ትንንሾቹ ሲወጠሩ ደሞ ህመሙ ወደ ራስ ይወጣል፣ ያንቺም ራስ ምታት ከዛ የሚመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ጠረጴዛውን ከፍ አስደርጊው፣ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሺ፣ ፊትሽን ወደ ግራ ብብትሽ አዙረሽ ቀስ ብለሽ ዝቅ በዪና 20 ሰከንድ ቆዪ፣ ማታ ሞቅ ያለ ፎጣ ጣል አድርጊበት። እጅሽ ከደነዘዘ ወይ መቀስ መጨበጥ ካቃተሽ ግን ነርቭ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይይሽ። ትኩሳት ኖሮሽ አንገትሽ አልታጠፍ ካለሽ ደሞ ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ሳታድሪ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።