በተማሪ ቪዛ ላይ ሆኖ መታከም፦ ከፍኖተ ሰላም ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አሜሪካ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተቀብለውሻል፣ ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚልከው የቅበላ ሰነድ፣ አይ-ትዌንቲውም ደርሶሻል፤ ግን በጦርነቱ ካየሽው በኋላ እንቅልፍ አጥተሻል። «እዚያ ሄጄ ብታከም ቪዛዬን ይሰርዙብኛል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔም ከደብረ ማርቆስ የወጣሁት ያንኑ ተሸክሜ ነው። የቃለ መጠይቁንና የክፍያውን ነገር ሌሎች ይንገሩሽ፤ እኔ ያንገበገበኝን ልንገርሽ።

1. መታከም ቪዛ አያሰርዝም። ጉድ የሚያፈላው ሳያስፈቅዱ ኮርስ መጣል ነው። በኤፍ-ዋን፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት። ሕመም ካለ መቀነስ፣ ከባሰም ጨርሶ ማረፍ ይፈቀዳል፤ በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር። ነገር ግን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ኃላፊ አስቀድሞ ፈቅዶ ሴቪስ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። አብሮኝ የነበረ የባሕር ዳር ልጅ፣ ከሁላችን የሚጎብዝ፣ ሌሊት ሲቃዥ እያደረ ቀን ክፍል መቀመጥ ሲያቅተው ኮርሶቹን በኮምፒውተር ሰረዘ፤ «ኋላ እነግራቸዋለሁ» ብሎ። ሲነግራቸው መዝገቡ ተዘግቶ ነበር።

2. ለዚህ ፈቃድ የሕመም ማስረጃ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ማን እንደሚፈርመው አስቀድመሽ ጠይቂ። እኔን ያንገላቱኝ እዚህ ላይ ነው። የግቢው አማካሪ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆይታ ጥሩ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ይዤ ወደ ውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሴትዮ አንድ መስመር እንኳ ሳታነብ ወደ ፊርማው ወረደች፤ ከስሙ ቀጥሎ ያሉትን የሙያ ማዕረግ ፊደላት በእስክሪብቶዋ ጫፍ መታ መታ አድርጋ «ይህ አይሆንም» አለችኝ። ይባስ ብላ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ «ለመሆኑ ምን ሆነህ ነው?» አለች። እናቴ እንኳ ያልጠየቀችኝን! ሆድ ይፍጀው ብሎ ያደገ ሰው በመስታወት ቀዳዳ ምን ይመልሳል? ሕጉ የሚቀበለው ፈቃድ ያለው የሕክምና ዶክተር ወይም ሳይኮሎጂስት የፈረመውን ነው፤ ይህንን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ግን አልነበረም። እንደገና ወረፋ ይዤ ዶክተር ጻፈልኝ። ደብዳቤው ክሬዲት እንዲቀነስልኝ ጠየቀ እንጂ ማን እንደሞተብኝ አላወራም፤ አንቺም ለቢሮ ሠራተኛ ታሪክሽን ልትዘረዝሪ አይገባም። ፈቃዱ በየሴሚስተሩ በአዲስ ደብዳቤ ይታደሳል።

ጠበሉን ተጠመቂ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፤ ጠበል ግን ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደብዳቤ አይጽፍም።

3. ድምፅ። በፈረንጆቹ ጁላይ 4 የነፃነት ቀናቸው ነው፤ ማታ ርችት ይተኩሳሉ። ማንም ሳያስጠነቅቀኝ አልጋ ሥር ገብቼ አደርኩ። የመኝታ ቤቱም የእሳት አደጋ ደወል ለሙከራ ይጮሃል፤ ቀኑን ቀድመው እንዲያሳውቁሽ አመልክቺ፣ እኔ አመልክቼ ተሳክቶልኛል። ከዚህ ሁሉ ጋር ከክፍሌ ወደ ኋላ ቀርቼ አላውቅም፤ ዛሬ በግቢው ፈረንጆቹን ሒሳብ አስጠናለሁ።

አይ-ትዌንቲሽ ላይ የፈረመው ኃላፊ ስም አለ። ቲኬት ሳትቆርጪ ለእርሱ ኢሜይል ላኪ፤ «ለሕመም ክሬዲት ማስቀነስ ብፈልግ የማንን ፊርማ ትቀበላላችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን በጽሑፍ ያዢ፤ በቃል የነገሩኝን ኋላ ክደውኛል።