አዳይቶ የጥርስ ሳሙናን ይተካል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጅዳ ነው የምሠራው። አሠሪዎቼ ከሶላት በፊት በሲዋክ ይፍቃሉ። ወንድሜም ሎጊያ ሲሠራ አፋሮች «አዳይቶ» የሚሉትን መፋቂያ ያመጣልን ነበር። ሁለቱም ምላስ ያቃጥላሉ። አንድ ናቸው እንዴ? በዚያ ሙቀትስ እንዴት አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል? ሳሙናውን ትቼ በእሱ ብቻ ብፍቅስ?

መልስ፦ አዎ እህታችን፣ ያው ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሳልቫዶራ ፐርሲካ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ ሳህል ተነስቶ በእኛው አፋርና ሶማሌ በኩል አድርጎ እስከ ዐረቢያና ሕንድ ይበቅላል። አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ይዘው ከሚዞሩት የወይራ መፋቂያ ጋር ግን እንዳይምታታብሽ፤ ያ የደጋ ዛፍ ነው።

አረንጓዴነቱ ከሥሩ ይጀምራል። ላዩ የደረቀ ወንዝ ዳር ይቆምና ታች ያለውን ውሃ ይጠጣል። የሚገርመው ግን ጨው መቻሉ ነው። ሌላው ተክል በሚጠወልግበት ጨዋማ አፈር ላይ እሱ ምንም አይመስለውም፣ ጨውን ከውሃው ጋር ስቦ ወፈር ባለው ቅጠሉ ውስጥ ያከማቸዋል፣ ግመል ደግሞ ያንን ጨዋማ ቅጠል ስታገኝ አትለቅም። ቀይ፣ ትንንሽ ፍሬውንም ሰው ይበላዋል፤ ጣፋጭ ሆኖ ትንሽ ያቃጥላል።

ማቃጠሉ የተክሉ መከላከያ ነው። ሥሩ ሲታኘክ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ይገናኙና ያ የሚሰነፍጠው ቅመም ይፈጠራል። ሰናፍጭም የሚሰነፍጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ተክሎች እንዲያውም የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ይኸው ቅመም የአፍ ባክቴሪያንም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለበት አካባቢ ሰዎች በመፋቂያ እንዲጠቀሙ ማበረታታቱም ያለ ነገር አይደለም።

ሳሙናውን ግን አትተዪ! ጥርስን ከመበስበስ የሚከላከለውን ፍሎራይድ የምታገኚው ከእሱ ነው፣ እንጨቱም የኋላ ጥርስን ውስጠኛ ገጽ በደንብ አይደርስበትም። ቀን ቀን በአዳይቶ ፍቂ፣ ማታ በብሩሽ። ቅርፊቱን የአንድ ጣት ግማሽ ያህል ልጠሽ ጫፉ ብሩሽ እስኪመስል አኝኪው፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ሳቢው። ወደ ጎን እየገዘገዙ መፋቅ ድድን ያሸሻል፣ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የሳሳውን ጫፍ በየጊዜው ቁረጪና አዲስ አውጪ። ስትገዢ ደግሞ ጫፉን ቧጠጥ አድርገሽ አሽትቺው፤ ካልሰነፈጠሽ ቆይቶ ደርቋልና ሌላ ምረጪ።