እንቁላል ባቀመስኳት በሩብ ሰዓት ከንፈሯ አበጠ

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወሯ ነው። ባለፈው ሳምንት የተቀቀለ እንቁላል ባቀምሳት ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ ላይ ሽፍታ ወጣባት፣ ከንፈሯ አበጠ፣ አስመለሳት። አሁን ደህና ናት። ከድሮም ጉንጯና ክንዷ ላይ ችፌ አለባት፣ ቅቤ እንቀባታለን። አማቴ ዓይን ነው ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ እርጉዝ ሆነሽ እንቁላል ስለበላሽ ነው አለችኝ። ወተት የገባበትን ገንፎና ሽሮውንም ላቁምባት? የኩፍኝ ክትባቷም ደርሷል፣ እንቁላል አለበት ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። (እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። እርጉዝ ሆነሽ የበላሽው እንቁላል አይደለም ያመጣባት። የጻፍሽው ምልክት የእንቁላል አለርጂን ይመስላል፤ የሰውነቷ መከላከያ የእንቁላሉን ፕሮቲን እንደ ጠላት ሲቆጥረው በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያደርጋል።

ለምን እሷን? በቤተሰብ አስም ወይም አለርጂ ካለ አንድ ምክንያት ነው። እኔን ግን ያሳሰበኝ ችፌው ነው። ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ይለምደዋል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ በኩል ሲደርሰው ግን እንደ ባዕድ ሊይዘው ይችላል። ቅቤ ደግሞ የወተት ርዝራዥ አይጠፋውምና መቀባቱን ተይው። ገላዋን እንዳጠብሻት ሽታ የሌለው ቫዝሊን ቀቢያት፣ ችፌውንም ሐኪም ይይላት።

ለጊዜው እንቁላል ብቻ አቁሚ። ኬክና ብስኩትም እንቁላል ሊኖርባቸው ስለሚችል ጠይቂ። እስካሁን በልታው ምንም ያልሆነችውን ገንፎና ሽሮ ግን እባክሽ እንዳትነኪባት! ጡቷንም አትከልክያት። ብዙ እናቶች በፍርሃት ሁሉንም ያቆሙና ልጁ ይከሳል።

እንዲያውም አንድን ምግብ ሳያስጀምሩ ማቆየት ራሱ ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ለንደን ውስጥ የተሠራ ጥናት ነበር፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት የተከታተለ። 5 ዓመት ሲሞላቸው ኦቾሎኒ ከተከለከሉት ከ100 ልጆች 17 ያህሉ የኦቾሎኒ አለርጂ ነበረባቸው፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከበሉት ግን 3 ያህሉ ብቻ። ያንቺም ልጅ ከእነዚህ ወገን ናትና ኦቾሎኒ እንዴት እንደምትጀምር ሐኪሙን ጠይቂው፣ ብቻሽን ቤት አትሞክሪው። ሲፈቀድልሽም በደንብ ተፈጭቶ ገንፎ ውስጥ ይግባ፤ ፍሬው ያንቃታል።

ክትባቱን አስወጊያት። የኩፍኝ ክትባት የእንቁላል አለርጂ ላለባቸው ልጆችም ይሰጣል። ለጤና ባለሙያዋ ግን የሆነውን ንገሪያት።

አንድ ነገር አደራ። ትንፋሽ ካጠራት፣ ድምጿ ከተዘጋ፣ ከዛለች ወይም ከገረጣች አንድ ደቂቃ አትጠብቂ፤ ባጃጅም ይሁን ያገኘሽውን ይዘሽ ሆስፒታል ሩጪ። የአማትሽ ዱዓ መንገድ ላይ ይሁን። የሚያድናት ጭኗ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፣ ቤት ያለው የአለርጂ ሽሮፕ አይተካውም።

አብዛኞቹ ልጆች የእንቁላል አለርጂ እያደጉ ይተዋቸዋል። መቼ እንደገና እንደምትቀምስ ግን ሐኪም ይወስን። ስትሄጂ ምን ያህል እንደበላች፣ በስንት ደቂቃ እንደጀመራት ጽፈሽ ያዢ፣ የሽፍታው ፎቶም ካለሽ አሳዪው።