ጥያቄና መልስ፦ የመምህራን የጡረታ ዕዳና የካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች በጀት

በካሊፎርኒያ በአንድ የትምህርት ዲስትሪክት የበጀት ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ስለ ጡረታና ስለ ትምህርት ቤት ወጪ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ለብዙ ሰው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግዛቱ ለትምህርት የመደበው ገንዘብ በየዓመቱ ጨመረ ይባላል። ታዲያ የልጄ ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪውን ለምን ያሰናብታል? (የሁለት ልጆች እናት፣ ኦክላንድ)

ከምክንያቶቹ አንዱ ጡረታ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የጤና መድንና የልዩ ፍላጎት ትምህርትም ብዙ ይወስዳሉ፤ የተማሪ ቁጥር ሲቀንስም የሚመጣው ገንዘብ ይቀንሳል።

ዲስትሪክቱ ከእያንዳንዱ መምህር ደመወዝ በላይ የደመወዙን 19.1% ካልስተርስ ለተባለው የመምህራን ጡረታ ፈንድ ያስገባል። እስከ 2014 ድረስ ይህ መዋጮ 8.25% ብቻ ነበር። የተጨመረው 10.85% የቆየ ጉድለት፣ ማለትም ፈንዱ ቃል ለተገባው ጡረታ የጎደለው ገንዘብ፣ መሙያ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዓመት 80,000 ዶላር የሚከፈላቸው 30 መምህራን ያሉት ትምህርት ቤት ለዚህ ጉድለት ብቻ በዓመት 260,400 ዶላር ይከፍላል። በዚህ ገንዘብ፣ የጤና መድንን ሳንቆጥር፣ ሁለት መምህራን ቀጥሮ ሦስተኛውን በከፊል መክፈል ይቻላል። የሙዚቃ አስተማሪው የሚሄደው እንዲህ ባለው ሒሳብ ነው።

ገንዘቡን ሰረቁት ማለት ነው?

የለም። ቢሰረቅ ኖሮ ቢያንስ የሚከሰስ ሰው ይገኝ ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የአክሲዮን ገበያው ተመነደገ፤ በ2000 አካባቢ ፈንዱ ሙሉ ሆኖ ታየ። የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ያ ዘመን የማያልፍ መሰላቸው። የጡረታ ጥቅሙን ጨመሩ፣ የግዛቱን መዋጮ ቀነሱ። መምህራኑ ከሚያዋጡት 8% ውስጥም 2%ቱ እስከ 2010 መጨረሻ ድረስ ወደ ሌላ የግል ሒሳብ እንዲሄድ አደረጉ። ከዚያ በ2008 እና በ2009 ገበያው ሲወድቅ ፈንዱ የሀብቱን ሩብ ያህል አጣ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በብዙ ቦታ የደረሰ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ካልፐርስ የተባለው የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ፈንድ ጉድለት ሲያይ የአሠሪዎችን መዋጮ ራሱ መጨመር ይችላል። ካልስተርስ ግን ያኔ ይህ ሥልጣን አልነበረውም፤ የሕግ አውጪዎቹን ፈቃድ መጠበቅ ነበረበት። እነሱም ለዓመታት ዝም አሉ። በ2014 ሕጉ ሲወጣ ጉድለቱ 74 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ሕጉ ዕዳውን እስከ 2046 ለመጨረስ ክፍያውን ለዲስትሪክቶች፣ ለግዛቱና ለመምህራን አከፋፈለ፤ ትልቁ ጭነት ያረፈው በዲስትሪክቶች ላይ ነው። ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ እሱ ከመወለዱ በፊት ያልተከፈለውን መዋጮ እየከፈለ ነው ብል አላጋነንኩም።

የመምህራኑ ጡረታ ከልክ በላይ ስለሆነ አይደለምን? አባቴ በአገር ቤት 35 ዓመት አስተምሮ የሚያገኘው የቤት ኪራይ እንኳን አይሸፍንም።

ቀመሮቹን ጎን ለጎን እንያቸው። ከ2013 በፊት የተቀጠረ የካሊፎርኒያ መምህር በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የደመወዙ 2% ይታሰብለታል፤ 30 ዓመት ላገለገለ በየዓመቱ ላይ 0.2% ስለሚታከል ለ35 ዓመት 77% ይሆናል። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30%፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25% ነው፤ ለአባትዎ 61.25% ይደርሳል። በመቶኛ ሲታይ ብዙም የሚራራቅ አይደለም። አባትዎን የጎዳቸው የደመወዙ ማነስና የብር ዋጋ መውደቅ ነው። የካሊፎርኒያው ጡረተኛ ደግሞ በአብዛኛው ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለፌዴራሉ መንግሥት የጡረታ ሥርዓት) አያዋጣም፤ ከማስተማር ሥራው ያለው ይኸው ጡረታ ነው።

መምህር ከመሆኔ በፊት 12 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲዬን ይቆርጡብኛል ብለው አስፈራሩኝ።

ቀድሞ እውነት ነበር። የመምህርነት ጡረታ ያለው ሰው ሶሻል ሴኩሪቲው ይቀነስበት ነበር። ይህን የሚያደርጉት ድንጋጌዎች ጥር 5 ቀን 2025 በተፈረመ የፌዴራል ሕግ ተሽረዋል፤ ሽረቱም ከጥር 2024 ጀምሮ ያለውን ክፍያ ይመለከታል። በታክሲው ዘመን ግብርዎን በትክክል አስታውቀው 40 ሩብ ዓመት ካሟሉ ሁለቱንም ያገኛሉ። ሳያስታውቁ የሠሩበት ዘመን ግን አይቆጠርም። ብዙ ወገኖቻችን ይህን የሚሰሙት ከረፈደ በኋላ ነው።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነኝ። ይህ ሁሉ እኔን ይመለከታል?

የእርስዎ በካልፐርስ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲም ያዋጣሉ። ለእርስዎ ዲስትሪክቱ የሚያስገባው እንዲያውም ይበልጣል፤ በቅርብ ዓመታት ከደመወዝ 26% አልፏል።

ለምን ጡረታውን ቀንሰው አይገላገሉም?

ፍርድ ቤቶች ከ1955 ጀምሮ ባጸኑት መርሕ ለሠራተኛ የተገባ የጡረታ ቃል፣ ተመጣጣኝ ምትክ ካልተሰጠ በቀር፣ በቀላሉ አይታጠፍም። ስለዚህ ቅነሳው የመጣው ከጥር 1 ቀን 2013 ወዲህ በተቀጠሩት ላይ ነው፤ 2%ቱን የሚያገኙት በ62 ዓመታቸው ነው። አዲስ ተቀጣሪዎችን ሁሉ ወደ ግል ቁጠባ ማዛወርም የቆየውን ዕዳ አንድ ሳንቲም አይቀንሰውም፤ ወጣቱን መምህር ብቻ ያስከፋል።

በእኛ ዲስትሪክት ስንት እንደሚከፈል የት አያለሁ?

በዲስትሪክቱ የበጀት ሰነድ ላይ። ከ3101 እና ከ3102 ቁጥሮች ፊት ያለው የካልስተርስ፣ ከ3201 እና ከ3202 ፊት ያለው የካልፐርስ ወጪ ነው። የአምስት ዓመት ሰነዶችን አውጥተው ያነጻጽሩ። የትምህርት ቦርዱ በጀቱን እስከ ሐምሌ 1 ማጽደቅ ስላለበት ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ብዙ ጊዜ በሰኔ ይደረጋል። ቁጥሮቹን ይዘው ይሂዱ፤ አስተርጓሚ ካስፈለገ አስቀድመው ይጠይቁ።