የራስህን ጥይት ከመሙላትህ በፊት የበርሜልህን ጥምዝ ለካ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ከአውሮራ በስተምሥራቅ 20 ኤከር ገዝተህ፣ ፍየልና በግ አስገብተህ፣ ፕሬሪ ዶግ የሚሉት ጉድጓድ ቆፋሪ አይጥ መሰል አውሬ ግጦሹን ጨረሰብህ። የፋብሪካ ጥይት ስለተወደደብህ ራስህ ብትሞላ ያዋጣ እንደሆነ ነው የጠየቅከው። እኔም ኮሎራዶ ነኝ። ፍየል አለኝ፣ ጠመንጃዬም 223 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። ጉድጓዳቸው የአንዲት እናት ፍየሌን እግር ሰብሮብኛል፤ እና ንዴትህ ይገባኛል።

ያዋጣል። እኔ ግን አንድ ነገር የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ገና ምንም ሳላተርፍ ብዙ ብር ወጣብኝ። አንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

1. ወረቀትህን እይ። ዜጋ ከሆንክ ወይም ግሪን ካርድ ካለህ ጥሩ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለን ሰው ግን የፌዴራል ሕጉ በጥቅሉ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክለዋል። ለጥየቃ የመጣ ዘመድህን «እስቲ አንዴ ሞክር» እንዳትለው። ጥይት ለራስህ ለመሙላት የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግህም። ሞልቶ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል።

2. የባሩዱን መጠን ከአምራቹ መመሪያ ብቻ ውሰድ። ከዩቲዩብ አትውሰድ፣ ከእኔም አትውሰድ። ከዝቅተኛው ጀምር። ጠረጴዛህ ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር፣ ከመጣበት ዕቃም አትገልብጠው።

3. አረሩን ከመግዛትህ በፊት የበርሜልህን ጥምዝ እወቅ፤ ጥምዝ ማለት በርሜሉ ውስጥ ተጠማዝዞ የተቀረጸው፣ አረሩን እያሽከረከረ የሚያስወጣው መስመር ነው። የእኔ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

ጊዜው 2021 ነበር። ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሁ ቂጥ ላይ ገብቶ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን፣ ከገበያ የጠፋበት ጊዜ። ስንት ወር ፈልጌ አንድ ሺህ አገኘሁ፣ ዋጋው ከወትሮው ሦስት እጥፍ ነበር። ከዚያ ለእንዲህ ዓይነት አውሬ ተብሎ የተሠራውን ባለ 50 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ ነው) ስስ አረር ገዛሁ። የመዳብ ልባሱ ሆን ተብሎ ቀጭን ነው፤ የነካው ነገር ላይ ይበታተናል። አረሩ ድንጋይ ላይ ነጥሮ ጎረቤት እንዳይሄድ ይህ መልካም ነው። ማታ ማታ ልጆቼ ሲተኙ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ 200 ሞላሁ። እያንዳንዱን ባሩድ በሚዛን መዝኜ፣ ቀለሁን አንድ በአንድ በመብራት አይቼ። ሥራዬ ንጹሕ ነበር፣ ዛሬም አላፍርበትም።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄድኩ። በ100 ያርድ አምስት ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። ቀርቤ ሳየው ጠርዙ ላይ እርሳስ የተፈገፈገበት የሚመስል ግራጫ ጭረትና ጥቃቅን ነጥብ ብቻ አለ። የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ተበላሽቷል ብዬ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሱቅ ሄድኩ።

ባንኮኒው ጀርባ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። አነጋገሬን ሰማና ድምፁን ከፍ፣ ቃሉን ዘርዘር አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚያወራ፣ «ጠመንጃ ይዘህ ታውቃለህ?» አለኝ። እኔ ጎጃም አባቴ አጠገብ ማማ ላይ ተቀምጬ በቆሎ ከዝንጀሮ ስጠብቅ ያደግኩ ሰው ነኝ! ያን ቀን የተሰማኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ግን ዝም አልኩ፣ የ400 ዶላር መነጽርም ሸጠልኝ። በአዲሱ መነጽር ተኮስኩ። ያው ነው።

ያዳነኝ ጎኔ የሚተኩስ አንድ ሽማግሌ ነው። ወረቀቱን አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ «የበርሜልህ ጥምዝ ስንት ነው?» ብሎ ነው። አላውቅም ነበር። በራሱ መነጽር እያየልኝ ደግሜ ተኮስኩ። «ግማሽ መንገድ ላይ ጭስ ሆነ» አለኝ። አረሩ አየር ላይ እየተበታተነ ነበር!

ምክንያቱን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። የእኔ በርሜል በ7 ኢንች አንድ ዙር የሚያዞር ነው፤ ለከባድና ረጅም አረር የተሠራ። አረሩ በሰከንድ 3,300 ጫማ ሲወጣ በደቂቃ ወደ 340,000 ጊዜ ይሽከረከራል። በ12 ኢንች አንድ ዙር በሚያዞር በርሜል ቢሆን 198,000 ነበር። ያን ስስ ልባስ የቀደደው ሽክርክሪቱ ነው። መነጽሬም እጄም ምንም አልነበረባቸውም። አንዳንዱ አምራች ይህን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ሱቅ ውስጥ የቆመ ሰው ግን ለመጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

የቀሩትን ወደ 180 ጥይቶች መዶሻ በሚመስለው የላስቲክ ማውጫ አንድ በአንድ ፈታሁ። ሦስት ማታ ወሰደብኝ። ክንዴ አበጠ። ፕራይመሩን ግን አተረፍኩት። ከዚያ ልባሱ ወፈር ያለ ባለ 55 ግሬን አረር ገዝቼ ከመመሪያው ዝቅተኛ መጠን እንደገና ጀመርኩ። አሁን በ100 ያርድ የተኮስኳቸውን አምስቱንም በአንድ ኳርተር ሳንቲም እሸፍናቸዋለሁ። ወጪዬም ፋብሪካውን ከምገዛበት ግማሽ ያህል ነው።

ሌላው ትንንሽ ነገር ነው። ከወታደር የወጣ ቀለህ በርካሽ ብታገኝ የፕራይመሩ ጉድጓድ ዙሪያው ተቀጥቅጦ የተያዘ ስለሚሆን መጀመሪያ መከርከም አለበት፤ አዲሱን ፕራይመር በጉልበት አታስገባ። የሞተውን ፕሬሪ ዶግ በእጅህ አትንካ፣ ቁንጫው ፕሌግ የሚባለውን ገዳይ በሽታ ይይዛል። በአካፋ አንስተህ ቅበረው፤ ጭልፊትና ንስር የእርሳስ ስብርባሪ ያለበትን ሥጋ ከበሉ ይመረዛሉ። ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመች ትንሽ ጉጉት ካየህ ደግሞ እዚያ አትተኩስ፣ በሕግ የተጠበቀች ናት።

ጥምዙን ለማወቅ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን እይ፤ 1-7 ወይም 1-9 የሚል ይኖራል። ከሌለ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። እጀታው በነጻነት የሚዞር የመወልወያ ዘንግ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ አድርገህ አስገባ። ዘንጉ ላይ ምልክት አድርግና ቀስ ብለህ ሳብ። ምልክቱ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ስንት ኢንች እንደወጣ ለካ። ሁለት ሦስቴ ደጋግመው። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልኝ፤ እስከዚያ አረር እንዳትገዛ።